በኮድ ውስጥ ያለው ደንብ አስከባሪ

ሐምሌ 2017 አየር ጤና አካባቢ ካለች ጠባብ ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ለጥቂት አነስተኛ ድርጅቶች የደመወዝ ሒሳብ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ናት። የምትጠቀምበትን የደመወዝ ፕሮግራም ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠራሁላት እኔ ነኝ። «አዲሱ አዋጅ ወጥቷል፤ የግብር ሰንጠረዡን የት ገብቼ ነው የምቀይረው?» አለችኝ።

የትም ገብታ አትቀይረውም። ሰንጠረዡ ኮዱ ውስጥ ተቀብሯል፤ ያውም አንድ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደመወዝ ሲሰላ አንድ ጊዜ፣ የትርፍ ሰዓት ሲታሰብ ሌላ ጊዜ፣ ለግብር ቢሮ የሚሄደው ወርኃዊ ቅጽ ሲዘጋጅ ሦስተኛ ጊዜ «ከዚህ ከበለጠ እንዲህ አድርግ» እያልኩ ጽፌዋለሁ። አራተኛው ቦታ የተገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ሲታሰብለት በድሮው ስሌት ተቆርጦበት ሲያጉረመርም።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚያ ስልክ የመጣ ነው። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሁን» የሚለው ዐረፍተ ነገር የት ይቀመጥ? ኮዱ ውስጥ? ከኮዱ ውጭ በሰንጠረዥ? ወይስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ላይብረሪ ይያዘው?

ፕሮግራመሮች ሩል ኢንጂን የሚሉትን ነገር በሠፈር ቃል ልጥራው ብዬ ሳስብ የመጣልኝ «ደንብ አስከባሪ» ነው። የአዲስ አበባ ሰው ደንብ አስከባሪን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ ካልሲ የሚሸጥ ልጅ የደንብ ልብሱን ገና ከሩቅ ሲያይ ሸራውን ጠቅልሎ ይሮጣል። ሰውየው ግን ደንቡን አልጻፈውም። ልሻረው ቢልም አይችልም። የተሰጠውን ደንብ ይዞ በዓይኑ ያየውን ከዚያ ጋር ያመሳክራል፣ የገጠመውን ያስፈጽማል። ሩል ኢንጂንም ሥራው ይኸው ነው። በአንድ እጁ መረጃ ይቀበላል፦ ደመወዝ፣ የቅጥር ዓይነት፣ ወር። በሌላው እጁ የደንቦች ዝርዝር። የትኛው ደንብ ለየትኛው መረጃ እንደሚገጥም ያያል፣ ውጤቱን ይሰጣል። ደንቡ ሲቀየር ዝርዝሩ ይቀየራል፤ ኮዱ እንዳለ ይቀመጣል። ቢያንስ የሚሸጥልን ተስፋ ይህ ነው።

ተስፋው ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማይሲን ስድስት መቶ ገደማ ደንቦች ይዞ የደም ኢንፌክሽን ላለበት ሕመምተኛ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ ይመክር ነበር። የካርኔጊ ሜለኑ ጆን ማክደርሞት ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ የሠራው ኤክስኮን ደግሞ የቫክስ ኮምፒውተር ያዘዘ ደንበኛ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገጣጠምለት ይወስን ነበር። ኤክስኮን ትርፍ አስገኝቷል፤ ነገር ግን ደንቦቹ እየበዙ ከ10 ሺህ ሲያልፉ እነሱን የሚንከባከብ ሰው ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እዚያው ካርኔጊ ሜለን የነበረው ቻርልስ ፎርጂ በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ ሬቴ የሚባለውን ስልት በዝርዝር አቀረበ። ሬቴ በላቲን መረብ ነው። አንድ መረጃ በተለወጠ ቁጥር ደንቡን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ ከመፈተሽ ይልቅ፣ የተለወጠው ነገር የሚነካቸውን ብቻ በመረብ ተከትሎ የሚያነሣ ስልት ነው። የናሳው ክሊፕስ (1985) እና በጃቫው ዓለም ስሙ የገነነው ድሩልስ (2001) ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

እነዚህን «ከባዶቹ» ልበላቸው። ድሩልስ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣና የሚወድቅ፣ ማስታወሻው ያነሰ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ለ40 ሠራተኛ ደመወዝ ለማስላት እሱን መጫን አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ ተሳቢ መኪና መከራየት ነው። ማርቲን ፎውለር እ.ኤ.አ. በ2009 በጻፈው አጭር ማስታወሻ ሌላም ስጋት አንሥቷል። ደንቦች እርስ በርስ መቀጣጠል ሲጀምሩ፣ አንዱ የቀየረውን ሌላው እያነሣ ሲሄድ፣ ፕሮግራሙ ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም በቀላሉ አያውቀውም። ለጠበበ ጉዳይ የምትሆን ትንሽ ሞተር ራስ መሥራት ብዙ ጊዜ ይበቃል የሚለው ምክሩ ለቀላሎቹ ላይብረሪዎች መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

ወደ ላይብረሪዎቹ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም። የሒሳብ ባለሙያዋ ችግር ሩል ኢንጂን የሚጠይቅ አልነበረም። ሰንጠረዥ ነበር የሚጠይቀው።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የመቀጠር ገቢ ግብር ሰባት ረድፍ ነበረው፦ እስከ 600 ብር ነጻ፣ ከዚያ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ከ10,900 ብር በላይ 35 በመቶ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ነጻውን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ፣ የ10 በመቶውን ረድፍ ሰረዘ፣ 35 በመቶውን ከ14,000 ብር በላይ አስጀመረ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው፤ የሚሠራው ግን ከዚያው ከሐምሌ ደመወዝ ጀምሮ። 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው በድሮው 3,750 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 3,200።

ልብ በሉ፤ የተቀየረው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሰባት የነበረው ረድፍ ስድስት ሆነ። ፕሮግራመሮች «ቁጥሮቹን ለብቻ አውጥቼ አስቀምጫለሁ» ብለን የምንኮራበት መፍትሔ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ሰባት ስም ያላቸው ሰባት ቁጥሮች ካስቀመጥን አንዱ ሲጠፋ ኮዱ እንደገና ይነካል። ሰንጠረዡን በረድፍ ቁጥሩ ሳይታሰር የሚያነብ ኮድ ግን ስድስትም ይሁን አስር አይገደውም። በዚሁ ማሻሻያ ደረጃ «ሐ» የሚባለው ግብር ከፋይ ቀርቶ «ሀ» እና «ለ» ብቻ ሲቀሩም የሆነው ይኸው ነው። ሦስት ቅርንጫፍ የነበረው ዛፍ ሁለት ሆነ።

ይህን የኤክሴል ሰዎች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የድሮው ኤክሴል እስከ 2003ው እትም ድረስ ኢፍ ውስጥ ኢፍ መደራረብ የሚፈቅደው ሰባት ጊዜ ብቻ ነበር። ሰባት ረድፍ ላለው የግብር ሰንጠረዥ ይበቃ ስለነበር ብዙ የሒሳብ ቢሮ ያንን ረጅም ቀመር ከፋይል ወደ ፋይል እየገለበጠ ዘመናት ኖረ። ብልሆቹ ግን ሰንጠረዡን በሌላ ገጽ አስቀምጠው ቪሉክአፕ ይጠሩ ነበር። አዋጅ ሲወጣ የሚነኩት ያችን ገጽ ብቻ ነው። ሩል ኢንጂን ለሚለው ቃል ባይተዋር ቢሆኑም ሐሳቡን በእጃቸው ይዘውታል።

ከሰንጠረዡ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ከእኔ ፕሮግራም የጎደለውም እሱ ነው። «ከመቼ ጀምሮ» እና «እስከ መቼ»። በጥቅምት 2018 የጥር 2017 ደመወዝ ላይ ስሕተት ቢገኝና ዳግም ይሰላ ቢባል፣ የሚሠራው የድሮው ሰንጠረዥ ነው። አዲሱን በአሮጌው ላይ የጻፈ ሰው አሮጌውን አጥፍቶታል። ነጋሪት ጋዜጣ የቀድሞውን እትም አያቃጥልም፤ አዲሱን ቀን ጽፎ ከላዩ ያስቀምጣል። ለደንብ ማስቀመጫ ከዚህ የተሻለ አርአያ የለም።

አሁን አንድ ረድፍ ቀረብ ብለን እንይ። አዋጁ «ከ10,001 እስከ 14,000»፣ ከዚያም «ከ14,000 በላይ» በሚል መንፈስ ይጽፋል። ፕሮግራመሩ ቃል በቃል ወስዶ «ከ10,001 ወይም በላይ፣ እስከ 14,000» እና «ከ14,001 ወይም በላይ» ብሎ ደንብ ቢያወጣ፣ የትርፍ ሰዓት ተጨምሮለት 14,000 ብር ከ50 ሳንቲም የደረሰ ሠራተኛ የት ይግባ? በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለችው የአንድ ብር ስንጥቅ ውስጥ ይወድቃል። ተራ የኢፍ ሰንሰለት ቢሆን መጨረሻ ላይ «ካልሆነ» የሚል ስለሚኖር ቢያንስ አንድ ነገር ይይዘዋል። ሩል ኢንጂን ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥም ደንብ ሲያጣ ዝም ይላል። ዝምታው ወደ ዜሮ ተተርጉሞ ሠራተኛው 2,850 ብር ገደማ ግብር ሳይቆረጥበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደስ ይለዋል፤ ኦዲተሩ እስኪመጣ።

ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ዲኤምኤን የተሰኘ የውሳኔ ሰንጠረዥ ደረጃ ለዚህ መልስ አለው። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ከአንድ በላይ ረድፍ ቢገጥም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ያውጃል። «አንድ ብቻ ይግጠም» ተብሎ ከታወጀ ሁለት ረድፍ መግጠሙ ስሕተት ነው፤ «የመጀመሪያው» ከተባለ ቅደም ተከተል ይወስናል። ክፍተትና መደራረብን ሰንጠረዡን በማየት ብቻ የሚያጋልጡ መሣሪያዎችም ከዚህ ወጥተዋል። ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ባንጠቀምበት እንኳ ይህን አንድ ልማድ መዋስ ኪሳራ የለውም።

ከሰንጠረዥ አልፎ መሄድ የሚያስፈልገው ሁኔታው ሲወሳሰብ ነው። የአበል ደንብ ለምሳሌ «ከደመወዙ የተወሰነ ድርሻ ወይም ከተወሰነ ብር የቱ ያንሳል» የሚል ቅርጽ አለው፤ የሚመጣውም ከአዋጅ ሳይሆን ከመመሪያ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ቀላሎቹ ላይብረሪዎች እዚህ ጋ ነው ቦታ የሚያገኙት።

ጃቫ ለሚጽፍ ሰው ለዓመታት የመጀመሪያው ምርጫ ኢዚ ሩልስ ነበር። ማሕሙድ ቤን ሐሲን የሠራው ሲሆን አንድ ደንብ ስም፣ መግለጫ፣ ሁኔታ፣ ተግባርና የቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ሌላ የለውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚለመድ ነው። ግን ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፣ ስሕተት ብቻ ይታረምለታል። አዲስ ሥራ ለሚጀምር አልመክረውም፤ ያለው ሰው ግን በድንጋጤ የሚነቅልበት ምክንያት የለም።

ጃቫስክሪፕት ውስጥ ጄሰን ሩልስ ኢንጂን ደንቡን በጄሰን ፋይል ያስቀምጣል፤ «ሁሉም ይሟላ» ወይም «አንዱ ይበቃል» እያለ ሁኔታዎችን ያቅፋል። ጄሬሚ ዋድሃምስ ያመጣው ጄሰን ሎጂክ ከዚህም ያነሰ ነው፣ ተግባር እንኳ የለውም፤ መረጃ ተቀብሎ መልስ ይመልሳል፣ አበቃ። ይህ ድክመት የሚመስለው ነገር ጥንካሬው ነው። ያው ፋይል አሳሹ ላይም ሰርቨሩ ላይም በተለያየ ቋንቋ ይነበባልና፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ስክሪኑ ላይ ያየውና ሰርቨሩ የሚወስነው አይለያዩም። ዶትኔት ላይ ለሚሠራ የማይክሮሶፍቱ ሩልስ ኢንጂን አለ። ጎ እና ፓይተንም የየራሳቸው አላቸው፤ በአብዛኛው የሐሳቡ ቅጂዎች ስለሆኑ አልዘረዝራቸውም።

ለብቻው መነሣት ያለበት የጉግሉ ሴል ነው። ሴል ሙሉ ሩል ኢንጂን ሳይሆን የሁኔታ መግለጫ ቋንቋ ነው። ኩበርኔቲስ የሚገባውን ጥያቄ የሚፈትሽበት አንዱ መንገድ እሱ ነው። የሚለየው ሆን ተብሎ አቅሙ መገደቡ ነው። በሴል ማለቂያ የሌለው ዙር መጻፍ አይቻልም፤ ማንኛውም መግለጫ ያልቃል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው ተቃራኒውን ያየ ሰው ነው። ፓይተን ውስጥ «ኢቫል» የምትባል ትእዛዝ አለች፤ የተጻፈላትን ጽሑፍ እንደ ኮድ ታስኬዳለች። ደንቡን በኤክሴል ሕዋስ ውስጥ አስጽፎ በኢቫል ማስኬድ ለሰነፍ የተዘጋጀ ሩል ኢንጂን ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሕዋሱን መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ደግሞ የሰርቨሩን ፋይሎች መሰረዝ ይችላል።

ላይብረሪ ከመምረጥ በላይ ያስቸገረኝ ግን ቅደም ተከተል ነው። በእኛ አሠራር ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሠራተኛው 7 በመቶ ከግብር በፊት አይቀነስም፤ ግብሩ የሚሰላው ከሙሉው ደመወዝ ነው። 15,000 ብር ላለው ሰው ግብር 3,200፣ ጡረታ 1,050፣ እጁ የሚገባው 10,750። አሁን ሁለት ደንብ ጻፉ፤ አንዱ ጡረታውን ከ«ደመወዝ» ላይ የሚቀንስ፣ ሌላው ከ«ደመወዝ» ላይ ግብር የሚያሰላ። የጡረታው ደንብ ቀድሞ ቢተኮስ «ደመወዝ» የሚባለው መረጃ 13,950 ይሆናል፤ ግብሩም 2,835። 365 ብር በየወሩ በየሰዉ ተዛነፈ። ሁለቱም ደንቦች ለየብቻ ሲታዩ እንከን የላቸውም። ኮድ ውስጥ ቢሆኑ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ ዓይን ይይዛቸው ነበር። በደንብ ፋይል ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የቅድሚያ ቁጥሩ ነው፣ እሱን ማንም አያነብም።

የእኔ መፍትሔ ደረቅ ነው፦ ደንብ የገባለትን መረጃ አይቀይርም። «ደመወዝ»ን አይነካም፤ «ጡረታ» እና «ግብር» የሚሉ አዳዲስ ስሞች ብቻ ያወጣል። መቀነሱ መጨረሻ ላይ በተራ ኮድ ይደረጋል። ይህን የተከተለ ሰው የሬቴን መረብም የቅድሚያ ቁጥርንም ባብዛኛው አይፈልጋቸውም።

ሌላው ጣጣ የእኛው የራሳችን ነው፤ የውጭዎቹ መማሪያዎች አያነሡትም። አንድ ጊዜ የነዋሪነት ሁኔታ የሚፈትሽ ደንብ ጽፌ ነበር፤ ክፍለ ከተማው «ኮልፌ ቀራኒዮ» ከሆነ ይለፍ የሚል። ግማሹ ሰው አላለፈም። መዝጋቢዎቹ አንዱ «ቀራኒዮ»፣ ሌላው «ቀራንዮ» ብሎ ጽፏል፤ ለሰው ዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ያሉበት ፊደል ይዞ ስም በስም ማመሳከር ወጥመድ ነው። ደንብ ላይ የሚጻፈው ስሙ ሳይሆን መለያ ቁጥሩ መሆን አለበት። መለያውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። በ2013 ለሚ ኩራ ሲጨመር አሥር የነበሩት ክፍለ ከተሞች አሥራ አንድ ሆኑ፤ አሥሩን ዘርዝሮ «ከእነዚህ ውጭ ከሆነ አትቀበል» ይል የነበረ ደንብ ሁሉ በአንድ ጀምበር የአንድ ክፍለ ከተማን ሕዝብ ከአዲስ አበባ ያስወጣል።

ሰዓትም አለ። «ከ2 ሰዓት በኋላ የገባ አርፍዷል» የሚል ደንብ የሰጠኝ የሰው ኃይል ኃላፊ ጠዋቱን ነው የሚያወራው። ሰርቨሩ 2 ሰዓት የሚያውቀው ሌሊት ነው። በዚያ ደንብ ኩባንያው ውስጥ ያላረፈደ ዘበኛው ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በደንብና በስሌት መለያየት ረገድ የተሻለ ሥራ አይቼ የማውቀው ከሶፍትዌር ሰዎች አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ነው። አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ጥቂት የማይለወጡ ስሌቶችና አንድ የተውሳክ ሰንጠረዥ አለው፤ ሰንጠረዡ ለየዕለቱም ለየበዓሉም ምን ያህል እንደሚደመር ይናገራል። 2017ን እናውጣ። 5500 ሲደመር 2017፣ 7517። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበር 11። በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29፣ መጥቅዕ። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ይውላል፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4፤ 29 እና 4፣ 33፤ 30 ሲገደፍ 3። መባጃ ሐመር፣ ማለትም ጾመ ነነዌ የምትገባበት ቀን፣ 3 ነው።

እዚህ ላይ ለጀማሪ የተጠመደ ወጥመድ አለ። «መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር ትገባለች» የሚለውን ደንብ ብቻ የያዘ ተማሪ ጥር 3 ብሎ ያርፋል። ግን ድምሩ 30ን ስላለፈ ወሩ ይገፋል፤ ነነዌ የገባችው የካቲት 3 ነው። ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን 2017፣ እንደዋለውም። ይህን አንድ የስልክ መተግበሪያ ስሠራ ስቼው ነበር። ያዳነኝ ኮዱን ደጋግሜ ማንበቤ አይደለም፤ ጥር 3 ቅዳሜ መሆኑ ነው። ጾመ ነነዌ ከሰኞ በቀር አይገባም።

በየትኛውም ላይብረሪ መመሪያ ላይ ከዚህ የተሻለ የሙከራ ትምህርት አላነበብኩም። ደንቡን በደንቡ አትፈትሸውም፤ ከደንቡ ውጭ ባለና ሁልጊዜ እውነት በሆነ ነገር ትፈትሸዋለህ። ለደመወዝ ፕሮግራሙም የእሱን «ሰኞ» ፈለግሁለት፦ ደመወዝ በአንድ ብር ሲጨምር እጅ የሚገባው ብር ሊቀንስ አይችልም፣ ግብሩም ወደ ዜሮ ሊመለስ አይችልም። ከ1 ብር እስከ 30,000 ብር በአሥር አሥር ሳንቲም እየረገጠ የሚፈትሽ አጭር ኮድ ጻፍኩ። እንደ 14,000 ብር ከ50ዋ ያለችውን ስንጥቅ በሰከንዶች ውስጥ የሚይዛት እሱ ነው።

ማን ደንቡን ይጻፍ የሚለው ክርክር የሻጮቹ ዋና ማባበያ ነው። «ፕሮግራመር ሳያስፈልግ የሥራው ባለቤት ራሱ ይቀይረዋል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ ሰንጠረዡን ማንበብ ትችላለች፤ ከእኔ በተሻለ ታነባለች፤ ስሕተቴን ሁለት ጊዜ ያገኘችው እሷ ናት። በጄሰን የተጻፈ፣ ቅንፍ በቅንፍ የተደራረበ ሁኔታ ግን ልታርም አትችልም፤ ልታርምም አይገባትም። ፈረንሳዮች ይህን ከማንም በላይ ገፍተውታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኦፕንፊስካ የግብርና የድጎማ ሕጎቻቸውን በይፋ በሚነበብ ኮድ ጽፏል። የኢንሪያ ተመራማሪዎች ያወጡት ካታላ ደግሞ የሕጉን አንቀጽና ኮዱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሕግ ባለሙያና ፕሮግራመር አብረው እንዲያነቡት ታስቦ የተሠራ ቋንቋ ነው፤ ሕግ አስቀድሞ ጠቅላላውን ተናግሮ ኋላ «ነገር ግን» እያለ እንደሚያጥፈው ሁሉ፣ ቋንቋውም ልዩ ሁኔታን በጠቅላላው ላይ ይደርባል። እዚያም ቢሆን ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው።

ሁሉም ደንብ መግባት አለበት ወይ? ከዓመታት በፊት የአንድ እድር ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ የመዋጮ መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር እንዳዞርላቸው ጠይቀውኝ ነበር። መተዳደሪያ ደንቡን ሰጡኝ፤ በታይፕ የተመታ፣ ጠርዙ ያለቀ። በተከታታይ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ከእድሩ የሚያገኘው ይቆማል ይላል። ደስ አለኝ፤ ለሩል ኢንጂን የተፈጠረ አንቀጽ ነው። መዝገቡን ሳገላብጥ ግን አምስት ወር ሳይከፍሉ ሙሉውን የተቀበሉ ቤተሰቦች አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ እንዴት ነው? ደንቡ ይቆማል ይላል እኮ» አልኳቸው።

«ይላል።»

«ታዲያ?»

«ዳኛው ተነሥቶ ‹ልጇ ታሞ ነበር› አለ። ሰው ዝም አለ። ዝም ካለ ተስማማ ነው።»

«ይህን ፕሮግራሙ ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «አንተ ሦስት ወር ያለፈውን በቀይ አሳየኝ። ሌላውን ተወው።»

እንዳሉት አደረግሁ፤ ደንቡ መዝገቡን ያቀላል እንጂ አይወስንም። ከዚያ ወዲህ ለምሠራው ሁሉ ደንቦችን በሁለት ሣጥን አስቀምጣለሁ፤ የሚፈጽሙና የሚያመለክቱ። የግብር ሰንጠረዥ ይፈጽማል። የብድር ማመልከቻ፣ የተማሪ መባረር፣ የእድር መቆም ያመለክቱ። ኩባንያዎች የሁለተኛውን ሣጥን ወደ መጀመሪያው ለማዛወር የሚቸኩሉት ባብዛኛው አቤት የሚባልበት ሰው እንዳይኖር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ አየር ጤና ልመለስ። ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። ሩል ኢንጂን አላስገባሁበትም። አምስት ዓምድ ያለው አንድ ሰንጠረዥ አለ፦ ከስንት ብር በላይ፣ መቶኛ፣ ተቀናሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ። የላይኛው ወሰን የለውም፤ የአንዱ ረድፍ መጨረሻ የሚቀጥለው መነሻ ስለሆነ ስንጥቅ የሚባል ነገር አይፈጠርም። ለአበሎቹ ብቻ ጄሰን ሎጂክን ተጠቀምኩ፤ ሰባት ደንብ ናቸው። ከአጠገቡ የምትሞላው የሙከራ ገጽ ሰጠኋት፦ በግራ ደመወዝና ወር፣ በቀኝ መውጣት ያለበት መልስ። ፕሮግራሙ ከእሷ መልስ ጋር ካልገጠመ የወሩን ደመወዝ አልዘጋም ይላል።

ሠላሳ አንድ ረድፍ ሞልታለች። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ በግራ በኩል «በሰኔ የተሠራ ትርፍ ሰዓት፣ በሐምሌ የተከፈለ» ብላ ጽፋለች። የቀኙን ሕዋስ ባዶ ትታ «አንተ አትሙላው፤ ግብር ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ» የሚል ማስታወሻ ለጥፋበታለች።